ድምፅ በሰማ ቁጥር የሚዘል ምስል ሰለቸኝ

ከበሮው ሲመታ ክቡ ያብጣል። ከበሮው ሲያርፍ ክቡ ይሟሽሻል። ሙዚቃው እስኪያልቅ ይኸው ነው። ድምፅን ወደ አብስትራክት ምስል እንለውጥ ብለው የሚነሡ ብዙ ቪዲዮዎች እዚህ ላይ ይቀራሉ። እኔ በበኩሌ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ዓይኔ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

ለምን እንደሚሰለች ለመረዳት ብዙ መራቀቅ አያስፈልግም። የድምፅ መጠን በየቅጽበቱ አንድ ቁጥር ነው። ቼሎም (ትልቁ የቫዮሊን ዘመድ) ሆነ የሚሰበር ብርጭቆ፣ ሹክሹክታም ሆነ ፉጨት፣ ሁሉም ወደ አንድ ቁጥር ሲጨፈለቅ ምስሉ የሚነግረን «አሁን ጮኸ፣ አሁን ዝም አለ» ብቻ ይሆናል። ያንን ደግሞ ጆሯችን ቀድሞ ነግሮናል።

እንዲህ ያሉ አጫጭር የሙከራ ፊልሞችን ብቻዬን ነው የምሠራው። ያለኝ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ካሜራ፣ ከሳጥኑ የወጣ ስፒከርና አንድ አሮጌ ኦሲሎስኮፕ ነው፤ የኤሌክትሪክን መዋዠቅ ስክሪን ላይ በምትሮጥ የብርሃን ነጥብ የሚሥል ዕቃ። ጀማሪዎች ሲያገኙኝ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «በየትኛው ሶፍትዌር ነው የምትሠራው?» የሚል ነው። ሶፍትዌሩ ይደርሳል። መጀመሪያ ሕጉ ይምጣ። ድምፁና ምስሉ በምን እንደሚገናኙ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃተኝ ላፕቶፑን አልከፍትም። «ምስሉ ከሙዚቃው ጋር ይንቀሳቀሳል» የሚለው አይበቃኝም። «ቼሎው ሲሻክር መስመሩ ይሰነጣጠቃል፤ ሲለሰልስ ይገጥማል» የሚለው ግን ሥራ ያስጀምራል። ለአንድ ፊልም አንድ ሕግ፤ ግፋ ቢል ሁለት።

ይህን ድርቅና የተማርኩት ከድሮ ፊልም ሠሪዎች ነው። በሴሉሎይድ ዘመን የፊልሙ ድምፅ ከምስሉ ጎን፣ በዚያው ጥቅልል ጠርዝ ላይ በብርሃን ይታተም ነበር። የምትሰፋና የምትጠብ ቀጭን መስመር ናት። ፕሮጀክተሩ ውስጥ አንዲት አምፖል ታበራባታለች። በወዲያኛው በኩል ብርሃን የሚያነብ ሴል አለ። መስመሯ ስትሰፋና ስትጠብ የሚያልፈው ብርሃን ይዋዥቃል፤ መዋዠቁ ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ ኤሌክትሪኩ ስፒከሩን ያንቀጠቅጣል። ድምፁ በዓይን የሚታይ ሥዕል ነበር ማለት ነው። ታዲያ እዚያ ጠርዝ ላይ ሰው በእጁ የፈለገውን ቢሥልስ?

ጀርመናዊው ኦስካር ፊሺንገር እ.ኤ.አ. በ1932 ይህንኑ አደረገ። ጌጥ የመሰሉ ቅርፆችን ወረቀት ላይ ሣለና በካሜራ የድምፁ ጠርዝ ላይ አሳረፋቸው። ፕሮጀክተሩ አነበባቸው፤ ሥዕሎቹ ጮኹ። በካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ይሠራ የነበረው ኖርማን ማክላረን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 «ሲንክሮሚ» በተባለው ሥራው ድምፁን የሚሰጡትን ባለ መስመር ቅርፆች ቀለም አልብሶ ስክሪኑ ላይ አወጣቸው። የምትሰሙት ነገር ሥዕሉ ራሱ ነው፤ መሀል ላይ አስተርጓሚ የለም። ከእሱ አራት ዓመት በኋላ እንግሊዛዊቷ ሊስ ሮድስ «ላይት ሚዩዚክ»ን ስትሠራ ሁለት ፕሮጀክተሮችን ፊት ለፊት አቆመች። የሚያልፉት ጥቁርና ነጭ መስመሮች የድምፁም ምንጭ ናቸው። መስመሮቹ ሲቀጥኑና ሲጠጋጉ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲሰፉ ይወፍራል። ተመልካቹም ወንበር ላይ አይተከልም፣ በሁለቱ ጨረሮች መሀል እየተዘዋወረ ነው የሚያየው።

ከዚህ ዘመን አንዲት ዝርዝር በተለይ እወዳለሁ። በ16 ሚሊሜትር ፊልም ላይ ድምፅ አንባቢው ከምስሉ መስኮት ቀጥሎ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ስለሚገኝ ድምፁ የሚታተመው ከምስሉ 26 ፍሬም (ፊልሙ የተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) አስቀድሞ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም ለሚሄድ ፊልም ይህ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ ይበልጣል። እና አንድ ሥዕል ከምስሉ ቦታ ተርፎ እስከ ድምፁ ጠርዝ ቢዘልቅ፣ ያያችሁትን የምትሰሙት ከአንድ ሰከንድ በኋላ ነው። ይህቺን መዘግየት በዲጂታል ፊልም ላይ ሆን ብዬ ሠርቼባታለሁ። ምስሉ ያልፋል፣ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። ተመልካቹ መጀመሪያ ግራ ይጋባል፤ ሕጉ ሲገባው ግን እያንዳንዱን ቅርፅ «አሁን ምን ሊጮህ ነው?» እያለ ይጠብቃል።

ለመጀመር ከኦሲሎስኮፕ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። አሜሪካዊቷ ሜሪ ኤለን ቢዩት በ1950ዎቹ መጀመሪያ የኦሲሎስኮፕ መስመሮችን በፊልሞቿ ውስጥ ተጠቅማለች፤ ዛሬም ሐሳቡ አላረጀም። የምላችሁ ኤክስ-ዋይ የሚባለውን አሠራር ነው። የስቴሪዮው የግራ ድምፅ ነጥቧን ወደ ጎን ይወስዳታል፣ የቀኙ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች። ዕቃው ከሌላችሁ አትጨነቁ። ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የድምፅ ፋይል ሰጥታችሁት ይህንኑ በቪዲዮ ያወጣላችኋል።

እስቲ ይህን ሞክሩ። ኦዳሲቲ ወይም ሌላ የድምፅ ኤዲተር ክፈቱ። በግራም በቀኝም ባለ 200 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 200 ጊዜ የሚርገበገብ፣ ንጹሕ ሳይን (ከሁሉ የቀለለውን፣ ለስላሳውን ሞገድ) አስገቡ። ሁለቱ አብረው ከተነሡ ስክሪኑ ላይ አንድ ሰያፍ መስመር ይወጣል። አንዱን በ1.25 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም በሩብ ዙር፣ ብታዘገዩት መስመሩ ተከፍቶ ክብ ይሆናል። አሁን ቀኙን 300 አድርጉት። ሁለት ለሦስት ማለት ነው፤ ሙዚቀኞች ፐርፌክት ፊፍዝ የሚሉት፣ ጆሮ የሚወደው ርቀት። ስክሪኑ ላይ ራሱን እያቋረጠ የሚዘጋ ጥልፍ ሆኖ ቀጥ ይላል። 300ውን 300.1 አድርጉት። በጆሮ ለውጡ አይታወቅም። ጥልፉ ግን ይነቃል። ጥልቀት ያለው ነገር ይመስል ቀስ እያለ ይዞራል፣ በየ5 ሰከንዱም ወደ ነበረበት ቅርፅ ይመለሳል።

ደስ የሚለው ነገር ይቀጥላል። ዛሬ ኪቦርዶች የሚቃኙበት ዘዴ ኦክታቩን (ከአንድ ድምፅ እስከ እጥፍ ሄርዙ ያለውን ርቀት) 12 እኩል ቦታ ስለሚከፍል፣ ከ200 ሄርዝ በላይ ያለው ፊፍዝ 300 ላይ አይደርስም፤ 299.66 ገደማ ይቆማል። ስለዚህ በዚህ ቅኝት የተሠራ ፊፍዝ ኦሲሎስኮፕ ፊት መቼም ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ሁሌ ይንከባለላል። ሁለት ድምፆች እየተስማሙና እየተኳረፉ የሚሄዱበት አንድ ሙሉ ፊልም የወጣልኝ ከዚህች ትንሽ ክፍተት ነው። ምንም አልጨመርኩበትም። ቀለም እንኳ የለውም።

እውነተኛውን ዕቃ ለምትጠቀሙ ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ ድምፅ ሲጠፋ ነጥቧ አንድ ቦታ ላይ ቆማ ታቃጥላለች፤ በአሮጌ ስክሪን ላይ የማይለቅ ጠባሳ ይቀራል። ስለዚህ ድምፁን ከማቆማችሁ በፊት ብርሃኑን ቀንሱ። ሁለተኛ፣ አብዛኞቹ የድምፅ ካርዶች የማይዋዥቅ ቮልቴጅ አያሳልፉም። ሥዕሉን ከመሀል አውጥታችሁ ጥግ ላይ ላኑረው ብትሉ እየተንሸራተተ ወደ መሀል ይመለስባችኋል። ወይ ያንን የሚያሳልፍ ካርድ ፈልጉ፣ ወይ ሥዕሉን ካሜራችሁን በማንቀሳቀስ ጥግ አስይዙት። እኔ ሁለተኛውን ነው የማደርገው፣ ርካሽ ስለሆነ።

ከስክሪን ወጥቶ በቁስ መሥራት ለሚፈልግ ደግሞ ውሃና አሸዋ አለ። ጀርመናዊው ኧርነስት ክላድኒ እ.ኤ.አ. በ1787 ባሳተመው መጽሐፍ ያሳየው ነገር ዛሬም ያስገርማል። ሳህን ላይ አሸዋ በትኖ ጠርዙን በቫዮሊን ቀስት ሲፈትገው አሸዋው ከሚንቀጠቀጠው ቦታ ይሸሽና በማይንቀሳቀሱት መስመሮች ላይ ይሰበሰባል። ለፊልም ግን እኔ ውሃ ይሻለኛል። አሸዋ አንዴ ከተሰበሰበ አበቃ፤ ውሃ ከድምፁ ጋር ይኖራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስፒከሩን አፉን ወደ ላይ አድርጌ አስተኛዋለሁ። በስስ ፕላስቲክ እሸፍነዋለሁ፤ ውሃ ከገባበት አለቀለት። መሀሉ ላይ ጥልቀት የሌለው ጥቁር ክዳን አጣብቄ ጥቂት ሚሊሜትር ውሃ አፈስበታለሁ። መብራቱን ከጎን፣ በጣም ዝቅ አድርጌ አቆመዋለሁ። ከላይ ካበራችሁ ውሃው መስታወት ሆኖ የካሜራችሁን ፊት ያሳያችኋል። ከዚያ ስፒከሩን ከ30 ሄርዝ ጀምሬ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ እወስደዋለሁ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ የነበረው ውሃ በአንዴ በትንንሽ ጉብታዎች ይሞላል።

እዚህ ላይ ቁጥር ትጠቅማለች። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳስተዋለው እንዲህ ያለ የውሃ ሞገድ የሚወዛወዘው ከሚያንቀጠቅጠው ነገር በግማሽ ፍጥነት ነው። ስፒከሩ 48 ሄርዝ ከሆነ ውሃው 24 ጊዜ ይወዛወዛል። ካሜራውም በሰከንድ 24 ፍሬም ከቀረጸ ውሃው በየፍሬሙ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ይገኛል፤ በቪዲዮው ላይ በረዶ የሆነ ይመስላል። ስፒከሩን 49 ስታደርጉት በረዶው ይቀልጥና በየሁለት ሰከንዱ አንዴ የሚተነፍስ ይሆናል። የመዝጊያውን ፍጥነት አሳጥሩት እንጂ፤ ከረዘመ ሁሉም ይደበዝዛል። አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ካሜራዎች «24» ብለው የሚጽፉት በእውነቱ 23.976 ነው። በ48 ሄርዝ ቀጥ ይላል ያላችሁት ምስል ታዲያ ቀስ ብሎ እየሸሸ 42 ሰከንድ ገደማ ውስጥ አንድ ዙር ይሄዳል። ስፒከሩን 47.952 ላይ አስቀምጡት፣ ነገሩ ይፈታል። መብራታችሁም የሚያርገበግብ ዓይነት ከሆነ ስሌቱ ሁሉ ይበላሻልና በቀን ብርሃን ወይም በማያርገበግብ መብራት ሥሩ።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ እንምጣ። ብሌንደር፣ ታችዲዛይነር፣ ፕሮሰሲንግ፣ የፈለጋችሁትን ያዙ። ሁሉም ድምፅን ወደ ቁጥር፣ ቁጥርን ወደ እንቅስቃሴ መቀየር ይችላሉ። ጣጣው ያለው ቁጥሩን የት እንደምትሰኩት ላይ ነው።

እኔ ብዙ ጊዜ የምሰካው ፍጥነት ላይ ነው። የተለመደው መንገድ የድምፅን መጠን ከቅርፁ መጠን ጋር ያገናኛል፤ ስለዚህ ድምፁ ዝም ባለ ቁጥር ምስሉ ወደ ዜሮ ይመለሳል። የሆነውን ሁሉ ይረሳል። እሱን ትታችሁ በየፍሬሙ የድምፁን መጠን ቀድሞ በነበረው ማዕዘን ላይ ደምሩት። ድምፅ ሲኖር ቅርፁ ይዞራል፤ ሲጮህ ይፈጥናል፤ ዝም ሲል ባለበት ቆሞ ይጠብቃል። ወደ ኋላ አይመለስም። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ የምታዩት አቀማመጥ እስከዚያ የተሰማው ድምፅ ሁሉ ድምር ነው። መጀመሪያ ላይ የተመታች ኖታ መጨረሻ ላይ ስትደገም ፍጹም ሌላ ምስል ታገኛለች፣ ልክ ሙዚቃው ውስጥ እንደሚሰማን። ኮድ ለሚጽፍ ሰው አንድ መስመር ናት። ብሌንደር ውስጥም ድምፅን ወደ ከርቭ ስትቀይሩ አኪዩሙሌት የሚል ምርጫ አለ፤ ከፍ ማለቶቹን ብቻ እየደመረ የሚሄድ የዚሁ ሐሳብ ዘመድ ነው። ማዕዘን ብቻ አይደለም የሚደመረው። ቀለም ሊደመር ይችላል። ጭረት ሊደመር ይችላል። አንድ ሥራዬ ላይ እያንዳንዱ የሳል ድምፅ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ የማይጠፋ ጭረት ይተዋል፤ ሌላ ምንም የለበትም።

መጠንን ብቻ ማዳመጥ ምን እንደሚያሳጣ አንዲት ቼሎ የምትጫወት ጓደኛዬ አሳይታኛለች። እሷ የተጫወተችውን ይዤ የሠራሁትን ያላለቀ ምስል አይታ «ቀስቱን ስገለብጥ ያለችው ነገርስ የት ሄደች?» አለችኝ። ደግመን አዳመጥነው። ቀስቱ አቅጣጫ ሲቀይር ድምፁ ለቅጽበት ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ያኔ የፀጉሩ ፍትጊያ ብቻውን ይሰማል፣ ቀጭን፣ አሸዋማ ድምፅ። በመጠን ከለካችሁት እዚህ ግባ የማይባል ነገር ነው። ስፔክትራል ሴንትሮይድ በሚባለው ልኬት ግን፣ የድምፁ ጉልበት ወደ ቀጭኑ ወይስ ወደ ወፍራሙ ያጋድላል የሚለውን በሚነግረው፣ ቀስቱ በተገለበጠ ቁጥር ሹል ጫፍ ብቅ ይላል። መስመሩ እዚያ ጫፍ ላይ እንዲሰነጠቅ አደረግኩ። ያኔ ፊልሙ የእጇን እንቅስቃሴ መከተል ጀመረ።

ጥቂት ቴክኒካዊ ነገሮችን ቶሎ ቶሎ ልበላችሁ። ድምፃችሁን በ48000 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ በ48000 ናሙና (የድምፁ ቅጽበታዊ ልኬት)፣ ያዙ። ለ24 ሲካፈል ለአንድ ፍሬም ልክ 2000 ናሙና ይደርሳል። 44100 ግን 1837.5 ይመጣል፤ ያቺ ግማሽ በየፍሬሙ ስትጠጋጋ ረጅም ፊልም ላይ ታስቸግራለች። ድምፁን በድግግሞሽ ስትበታትኑ በ2048 ናሙና መስኮት (በአንዴ የሚተነተን የድምፅ ቁራጭ) ከሠራችሁ 43 ሚሊሰከንድ ያህል ጊዜ ትይዛላችሁ፣ ነገር ግን የምትለዩት በ23 ሄርዝ ርምጃ ነው። ሁለት የቤዝ ኖታዎች እዚያ ውስጥ አንድ ሆነው ይቀራሉ። መስኮቱን 8192 ብታደርጉት ወደ 6 ሄርዝ ትወርዳላችሁ፤ ጊዜው ግን 171 ሚሊሰከንድ፣ አራት ፍሬም ይሆናል። ሁለቱንም በአንዴ ማግኘት አይቻልም። ቤዙን በረጅም፣ ጸናጽሉን በአጭር መስኮት ለየብቻ ተንትኑ። ድግግሞሹን ስክሪኑ ላይ የምትዘረጉበትን ዘንግም በኦክታቭ አስፉት። ከ0 እስከ 20000 በእኩል ርምጃ ከዘረጋችሁት የስክሪኑን ግማሽ ከ10000 በላይ ያለ ፉጨት ይወስደዋል፣ ዜማው በሙሉ ጥግ ላይ ይታፈናል።

የድምፁና የምስሉ መግጠም ላይ ብዙ ሰው ይንገበገባል። በ24 ፍሬም አንድ ፍሬም ወደ 42 ሚሊሰከንድ ነው። የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ኅብረት የሚፈቅደው ድምፅ ከምስል ቢበዛ 40 ሚሊሰከንድ እንዲቀድም ወይም 60 እንዲዘገይ ነው። ቀድሞ የሚመጣ ድምፅ ይበልጥ ይረብሻል፤ በተፈጥሮ ብርሃን ነው የሚቀድመው። ስለዚህ ስጠራጠር ምስሉን በአንድ ፍሬም አስቀድማለሁ። በብሉቱዝ ሄድፎን እያዳመጣችሁ ግን አትፍረዱ። እሱ ራሱ ያዘገያል።

ብልጭታ ላይ ቀልድ የለም። በአንድ ሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ የሚበልጭ ሰፊ ብርሃን፣ በተለይ ደማቅ ቀይ፣ የሚጥል ሕመም ያለበትን ሰው ሊጥል ይችላል። ፈጣን ከበሮን በቀጥታ ከብርሃን ጋር ካገናኛችሁ ሳታስቡት እዚያ ትደርሳላችሁ። የምችለውን አለሰልሳለሁ፤ የማልችለውን ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ አስጠነቅቃለሁ።

ሥራው አለቀ ስል የማደርጋት ፈተና አለች። ድምፁን አውጥቼ በተመሳሳይ ፍጥነት የሚሄድ ሌላ ሙዚቃ እተካበታለሁ። አእምሯችን አስመሳይ ስለሆነ ማንኛውም ምስል ከማንኛውም ሙዚቃ ጋር በመጠኑ የገጠመ ይመስለዋል። ተተኪው ሙዚቃ ከዋናው እኩል ከተስማማው ሕጌ አልያዘም ማለት ነውና ወደ ዓረፍተ ነገሩ እመለሳለሁ። ምስሉ ድምፁን አጥቶ የተቅበዘበዘ ከመሰለኝ ብቻ ወደ ማውጣት እሄዳለሁ።

ስታወጡ ዋናውን ቅጂ እንደ ተከታታይ ሥዕሎችና እንደ አንድ ዋቭ ፋይል ለየብቻ አስቀምጡ። ኢንተርኔት ላይ የሚጫን ቪዲዮ ሲጨመቅ የቀለም ዝርዝሩ ከብርሃኑ ዝርዝር ይልቅ ይቀነሳል፤ ጥቁር ላይ ያለ ቀጭን ቀይ መስመር ይቀባባል፣ ነጭ መስመር ግን ይተርፋል። ቀስ እያለ የሚጨልም መደብ ደግሞ ደረጃ ደረጃ እየሠራ ይወጣል፤ ትንሽ ግሬን (የድሮ ፊልም ቅንጣት የመሰለ ነቁጥ) ብትረጩበት ይሸፈናል። ፕሮግራማችሁ የዘፈቀደ ቁጥር የሚጠቀም ከሆነም መነሻ ቁጥሩን ፋይሉ ስም ላይ ጻፉት፤ አለዚያ ያንኑ ምስል በትልቅ መጠን ድጋሚ ላውጣ ስትሉ ሌላ ነው የሚመጣላችሁ።